የዕረፍት ቀን ውሎ

ሰው በሥራ ላይ ሳለ ምን እንደሆነ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ሥራ የሰውን ልጅ ከእንስሳት ዓለም ለየው፣ እጁን አሠለጠነ፣ አንደበቱን ፈታ፣ ኅብረተሰቡን አቆመ የሚለውን ትምህርት ያልሰማ፣ ለተማሪዎቹም ያላሰማ መምህር ጥቂት ነው። ሰው ሥራ በማይሠራበት ቀን ምን እንደሆነ ግን የጠየቀ ብዙ አይደለም። የዕረፍት ቀን በሁለት የሥራ ሳምንቶች መካከል የተተወ ባዶ ቦታ፣ ቢበዛም ለሚመጣው ሥራ ጉልበት የሚጠራቀምበት ጎተራ ተደርጎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ነው። አንድ ሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባለው ብሩህ ወቅት አንዲት የዕረፍት ቀን አግኝቶ ጫማውን አሰፍቶ፣ እህሉን አስፈጭቶ፣ ሕመምተኛ ጠይቆ፣ ፀሐይ ሞቆ፣ ቡናውን ጠጥቶ ቢያመሽ ያ ቀን ባከነ ወይስ በአግባቡ ዋለ? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሰው ጊዜ የማን ነው የሚለው ትልቅ ጥያቄ በውስጡ አለ።

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት ቋንቋችን ስለ ዕረፍት ምን እንደሚያስብ መመርመር ይጠቅማል፤ ቋንቋ የአንድ ሕዝብ የረጅም ዘመን ፍርድ የተቀመጠበት መዝገብ ነውና። አማርኛ ዕረፍትን በጥርጣሬ የሚያይ ቋንቋ ነው። «ሥራ ፈት» ስድብ ነው። «አርፈህ ተቀመጥ» ተግሣጽ ነው። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለው ተረት፣ ባዶ እጅ ለራሱ ጥፋት ሳይፈጥር አይውልም የሚል ክስ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን «ዐረፈ» የሚለው ግስ ነው። ይህን ቃል በሙሉ ክብሩ የምንናገረው ስለ ሞተ ሰው ነው። አባወራው ዕድሜ ልካቸውን አርሰው፣ እመቤቲቱ ዕድሜ ልካቸውን ፈጭተውና ጋግረው በመጨረሻ «ዐረፉ» ይባልላቸዋል። በሕይወት ሳሉ ያላገኙትን ቃል በመቃብራቸው አፋፍ ላይ እንሰጣቸዋለን። ይህ የቃል አጋጣሚ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። ለአብዛኛው ሕዝብ ዕረፍት በእርግጥም ከሞት ጋር ብቻ የሚመጣ ነገር ሆኖ የቆየበትን የኑሮ ታሪክ ያስታውሳል።

ይኸው ቋንቋ ግን ሌላ ቃል አስቀምጦልናል፤ እርሱም «ዋለ» ነው። በአማርኛ ቀን ዝም ብሎ አያልፍም፤ ሰው ይውለዋል። ሲመሽ የምንለዋወጠው ሰላምታ «እንዴት ዋሉ?» ነው። የቀኑ ታሪክ «ውሎ» ይባላል። በዓል ይውላል። ዕቃ ለጥቅም ይውላል። ሰው ለሰው በጎ ነገር ሲያደርግ ደግሞ ውለታ ዋለለት እንላለን። ቀንን ማሳለፍ፣ በዓልን ማክበር፣ መጥቀምና በጎ ማድረግ በአንድ ግስ ተሳስረው ይገኛሉ። እንግዲህ በቋንቋችን ፍርድ ስለ አንድ ቀን የሚጠየቀው ተሠራበት ወይስ ታረፈበት የሚለው ብቻ አይደለም፤ ቀኑ ለምን ዋለ፣ ለማንስ ዋለ የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይህን መለኪያ ተከትሎ ይሄዳል።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ መጨረሻ ገደማ፣ ሰው ሰላም ለማግኘት እንደሚዋጋ ሁሉ የሚደክመውም ዕረፍት ለማግኘት ነው የሚል ሐሳብ ያቀርባል። በእርሱ ዘንድ ዕረፍት የሥራ አገልጋይ አይደለችም፤ ሥራ ነው የዕረፍት አገልጋይ። ለዕረፍት የተጠቀመበት የግሪክ ቃል «ስኮሌ» ነው። ከዚህ ቃል የአውሮፓ ቋንቋዎች የትምህርት ቤትን ስም አወጡ፤ እኛም ዘመናዊውን ትምህርት ቤት «አስኳላ» ስንል ያንኑ የግሪክ ቃል በሩቁ ወርሰናል። ተማሪ በደወል ገብቶ በደወል የሚወጣበት ቤት ስሙ በጥንተ ትርጉሙ «ዕረፍት» መሆኑን መምህራን አንባቢዎቻችን በፈገግታ ይቀበሉት ይሆናል። የአርስጣጣሊስ ሐሳብ ግን አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። የእርሱ ባለ ዕረፍት ዜጋ ቁጭ ብሎ እንዲያሰላስል ሌላ ሰው ውኃ መቅዳትና እህል መፍጨት ነበረበት። ፈላስፋው ራሱ ባሪያን ሕያው መሣሪያ ብሎ ጠርቶታል። ይህን ጉድለት በልባችን ይዘን እንለፍ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የዕረፍትን ጥያቄ ከፈላስፎች እልፍኝ አውጥተው በአደባባይ ያቆሙት የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓና የአሜሪካ ሠራተኞች ሃያ አራቱ ሰዓት ሦስት እኩል ቦታ እንዲከፈል ጠየቁ፤ ስምንቱ ለሥራ፣ ስምንቱ ለእንቅልፍ፣ ስምንቱ ለራስ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1886 በቺካጎ ደም የፈሰሰው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ በተነሣ ትግል ነው፤ በአገራችን ሚያዝያ 23 ቀን የሚከበረው የዓለም ሠራተኞች ቀንም መታሰቢያነቱ ከዚያ የመጣ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ሦስተኛው ክፍል ነው። ሠራተኛው ስምንት ሰዓት ለመተኛት ብቻ አልጠየቀም። መተኛት ለአሠሪውም ይጠቅማል፤ ያልተኛ እጅ ማሽኑን ያበላሻልና። ሦስተኛው ስምንት ሰዓት ግን ሥራም እንቅልፍም ያልሆነ፣ ለማንም ትርፍ የማይቆጠር፣ ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ የሚውለው ጊዜ ነበር። ካርል ማርክስ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የ«ካፒታል» ሦስተኛ ቅጽ ውስጥ፣ እውነተኛው የነጻነት ግዛት የሚጀምረው ሰው ለኑሮ ተገድዶ የሚሠራው ሥራ በሚያበቃበት መሆኑን፣ ለዚህም መሠረቱ የሥራ ቀን ማጠር እንደሆነ ያመለከተው ይህንኑ ሲያስብ ነው። አማቹ ፖል ላፋርግ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1880 ነገሩን ወደ ምፀት ወስዶ ስለ ስንፍና መብት አንድ ትንሽ ድርሳን ጽፎ ነበር።

ይሁን እንጂ የዕረፍትን ቀን ቁጥር መጨመር ብቻውን ዕረፍትን አያስገኝም። ለዚህ አንድ ትልቅ የታሪክ ምስክር አለ። በሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1929 ፋብሪካዎች ያለ ማቋረጥ እንዲሠሩ በማሰብ የሰባት ቀኑ ሳምንት ተሽሮ የአምስት ቀን ሳምንት ታወጀ። ሠራተኛው በአምስት ክፍል ተመደበ፤ ለእያንዳንዱም ክፍል መለያ ቀለም ተሰጠው። ሁሉም አራት ቀን ሠርቶ በአምስተኛው ያርፋል። በቁጥር ሲታይ ሠራተኛው ተጠቀመ፤ በሰባት ቀን አንዴ ያርፍ የነበረው በአምስት ቀን አንዴ ያርፍ ጀመርና። ነገር ግን የባል ቀለም ቢጫ፣ የሚስት ቀለም ቀይ፣ የወዳጅ ቀለም አረንጓዴ ሆነ። ባል ሲያርፍ ሚስት በፋብሪካ፣ ልጆች በትምህርት ቤት ናቸው። የዕረፍት ቀን ተገኝቶ አብሮ የሚያርፍ ሰው ጠፋ። ቅሬታው በረታ፤ የማሽኑም አያያዝ ተበላሸ። በ1931 ሁሉም በአንድ ቀን የሚያርፍበት የስድስት ቀን ሳምንት ተተካ፤ በሰኔ 1940 ደግሞ የሰባት ቀኑ ሳምንት ከነእሑዱ ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው ዕረፍት እንደ ዳቦ ለየሰው ተቆርጦ የሚታደል ነገር አለመሆኑን ነው። የእኔ ዕረፍት ዕረፍት የሚሆነው የአንተም ዕረፍት አብሮት ሲውል ነው።

ይህን እውነት የአገራችን ገበሬ ሳይጻፍለት ያውቀዋል። ስለ ሰንበት በሃይማኖት አባቶች መካከል የቆየው ክርክር በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ እልባት ሲያገኝ፣ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ተወሰነ። ከሁለቱ ሰንበቶች ሌላ በየወሩ የሚውሉ በዓላት አሉ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። የበዓላቱ ብዛት ምርትን ይጎዳል አይጎዳም የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፤ እዚህ የምንመለከተው ግን ሌላውን ገጽታ ነው። በእነዚህ ቀናት ሞፈርና ቀንበር ይሰቀላል፤ መጥረቢያ እንጨት አይነካም። ሰው ግን እጁን አጣጥፎ አይውልም። የተጣላ ይታረቃል፣ ሕመምተኛ ይጠየቃል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ ጽዋ ይጠጣል፣ የልጅ ጋብቻ ይታሰባል። በከተማም ሰንበቴው፣ እድሩና እቁቡ የሚሰበሰበው አብዛኛውን ጊዜ በእሑድ ነው። የተከለከለው መሬትን መግጠም ነው እንጂ ሰውን መገናኘት አይደለም። ገበሬው ከሥራ ባረፈበት ቀን ጉዳይ አለበት፤ ጉዳዩ ግን ሁሉ ስምና ፊት ያለው ነው።

አሁን ወደ ወቅቱ እንምጣ። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ዘመን መጸው ሲሆን፣ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። በአዘቦት ንግግርና በዘመናዊ ግጥም ግን ጸደይ ስንል ዝናቡ ሄዶ ምድር ያበበበትን የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ ማሰባችን የተለመደ ሆኗል። በስሙ አንከራከር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን አርባ ቀናት ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ብላ በማኅሌት ታከብራቸዋለች። ለገበሬውም የአረሙ ሥራ የቀለለበት፣ አጨዳው ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ምድር ራሷ በሁለት ሥራ መካከል ቆማ እፎይ የምትልበት ወቅት ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት በዚሁ ወቅት፣ ባለፈው ጥቅምት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የዋልኩትን አንድ ቅዳሜ ላንሣ። በቀኑ የሚያስደንቅ ነገር አልተደረገም፤ ለምሳሌነት የመረጥኩትም ስለዚሁ ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሌሊቱ ቁር ከግድግዳው ጥላ ገና አልለቀቀም ነበር። የሰፈሩ ሰው ፀሐይ ወዳለችበት የመንገድ ጠርዝ ተሻግሮ ቆሟል። በጥቅምት ማለዳ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ አንድ ሃይማኖት ያለው ይመስላል፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ እጁን በብብቱ ወሽቆ በዝምታ ይሞቃል። የመጀመሪያ ጉዳዬ ጫማ ማሰፋት ነበር። ጫማ ሰፊው ከአንድ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ይሠራል። ነጠላ ጫማ አውሶኝ የእኔን ገልብጦ አየና፣ «ጋሼ፣ በግራ እግርዎ ወደ ውጭ ነው የሚረግጡት፤ ተረከዙን የሚበላው እሱ ነው» አለኝ። የሰፈር ጫማ ሰፊ የሰፈሩን ሰው አረማመድ ከሶሉ ላይ ያነባል። ማን እንደሚቸኩል፣ ማን እግሩን እንደሚጎትት፣ ማን የታክሲ ሒሳብ ለመቆጠብ ረጅም መንገድ እንደሚሄድ ያውቃል። ስለ እኔ ከተጻፈ ማናቸውም ሐተታ ይልቅ ትክክለኛው የእርሱ ነበር።

ከዚያ ሰርገኛ ጤፍ ተሸክሜ ወደ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነው። ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው ዱቄት የለበሰው ወፍጮኛ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ተራ እንዲጠበቅ ይጮኻል። በወረፋ ላይ የጤፍ ዋጋ፣ የልጆች ትምህርት፣ የአንዲት ጎረቤት ሠርግ ይወራል። ተራዬ ሳይደርስ ዱቄታቸውን የጨረሱ አንዲት እናት «እስቲ ልጄ፣ አሸክመኝ» አሉኝ፤ ሳሸክማቸው «ጉልበትህን ያጽናልህ» ብለው መረቁኝና ሄዱ። የእኔም ተራ ደረሰ። ከወፍጮው የሚወርደው ዱቄት ይሞቃል። እጅን በዚያ ውስጥ መክተት፣ ሽታውን መሳብ በምንም ገንዘብ የማይተመን ደስታ ነው፤ ማንም ደስታ ብሎ አይቆጥረው እንጂ።

ቀትር ላይ በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን ልጠይቅ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ዓይናቸው ስለ ደከመ ጋዜጣ የሚያነብላቸው ይሻሉ። ሁለት አርዕስተ ዜና እንዳነበብኩላቸው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና «እሱን ተወውና ገበያው እንዴት ዋለ?» አሉኝ። የወፍጮ ቤቱን ወሬ፣ የጫማ ሰፊውን ፍርድ ነገርኳቸው፤ ሳቁ፤ መረቁኝም። ስመለስ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ እየፈለፈልኩ በእግሬ ሄድኩ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አብርታለች። ቀኑ ይህ ነበር።

በዚህ ቀን ምን ተሠራ? በመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚገባ ምንም የለም። ነገር ግን በአዘቦት ቀን የተሰወረ አንድ ነገር ተገለጠ። በሥራ ቀን ጫማዬን ተጫምቼ፣ እንጀራዬን በልቼ እወጣለሁ፤ ጫማውንና እንጀራውን ያቆመልኝን እጅ ግን አላይም። ዘመናዊ ኑሮ የሌላውን ሰው ድካም ዕቃ አድርጎ በር ላይ ያቀርብልናል። ጉዳያችንን በእግራችን ስንፈጽም ግን ዕቃው ተመልሶ ሰው ይሆናል። ተረከዝ የሚሰፋ እጅ፣ ዱቄት የለበሰ ፊት፣ ሸክም የሚከብዳት እናት ከነድምፃቸው ይቀርባሉ። ትንንሽ ጉዳይ የሰው ልጅ በሰው ልጅ ላይ መደገፉን በዓይን የሚያሳይ ትምህርት ነው። ትንንሾቹ ደስታዎችም እንዲሁ ናቸው። የጥቅምት ፀሐይ፣ የሞቀ ዱቄት፣ የበቆሎ እሸት የምንደሰትባቸው ከሌላው ነጥቀን ስላልሆነ ነው። እኔ ፀሐይ ስሞቅ የጎረቤቴ ፀሐይ አይቀንስም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሡ ይሆናል። አንደኛው፣ ድህነት ባልተወገደበት አገር ስለ ዕረፍት ማሰብ ቅንጦት ነው የሚል ነው። ይህ ክርክር ክብደት አለው፤ ሆኖም ዕረፍትን የሚያየው እንደ ባለጠጋ ሽርሽር ብቻ ነው። ከላይ የተገለጸው ቀን ካሰፋነው ተረከዝ፣ ካስፈጨነው እህልና ከጥቂት ብርቱካን በላይ ወጪ አላስከተለም። ይልቁንም ለድሃ ሰው የዕረፍት ቀን ከንብረቱ ሁሉ የቀረችለት፣ በእርሱ ፈቃድ የምትውል ብቸኛ ሀብቱ ልትሆን ትችላለች። ሁለተኛው ተቃውሞ ከሥራ አጡ ወገን የሚመጣ ነው። «ለእኔ ቀኑ ሁሉ ቅዳሜ ነው፤ ዕረፍትስ ምኔ ነው?» ቢል እውነት አለው። ሥራ የሌለው ሰው ትርፍ ጊዜ አለው እንጂ የዕረፍት ቀን የለውም። ፀሐይ ስትሞቀው እንኳ ሰው ምን ይለኛል የሚል ጥላ በላዩ ያርፋል። ስለዚህ የሥራ መብትና የዕረፍት መብት የሚጣሉ አይደሉም፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው ትርጉም ያጣል። ዛሬ ደግሞ ሦስተኛ ችግር ተጨምሯል። ስልክ በኪሳችን ስላለ መሥሪያ ቤቱ አብሮን ገበያ ይወጣል፣ አብሮን ሕመምተኛ ይጠይቃል። የአለቃ መልእክት በወረፋ ላይ ሲደርሰን አካላችን በወፍጮ ቤት ቀርቶ ልባችን ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። ያ ቀን ከእንግዲህ የእኛ አይደለም።

አሁን ወደ አርስጣጣሊስ ጉድለት የምንመለስበት ጊዜ ነው። የዕረፍት ቀናችን ማታ ቤታችን ስንገባ ምን ይጠብቀናል? ቤቱ ተጠርጓል፣ ሣር ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ተቆልቶ አቦሉ ቀርቧል። በብዙ የከተማ ቤት ይህን የምታደርገው ከገጠር መጥታ የተቀጠረች ወጣት ናት፤ በሌላው ቤት ደግሞ እናት ወይም ሚስት ናት። እኛ ቅዳሜያችንን ስንውል የእርሷ ቀን ምን ዋለ? ከእኛ ቀድማ ተነሥታለች፤ ከእኛ ኋላ ትተኛለች። የእኛ በዓል ለእርሷ የሥራ ጫፍ ነው፤ እንግዳ ሲበዛ፣ ወጥ ሲበዛ፣ ሰሐን ሲበዛ ቀኑ ይረዝምባታል።

ሕጉን ብንጠይቅ መልሱ ግማሽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛም በሳምንት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት እንዲያርፍ ይደነግጋል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ግን ከአዋጁ ወሰን ውጭ አድርጎ ዝርዝሩን ለደንብ ይተወዋል። የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ኢንዱስትሪ ሠራተኞች ሳምንታዊ ዕረፍት ስምምነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፤ ስለ ቤት ሠራተኞች ራሱን የቻለ ስምምነት ለማውጣት እስከ 2011 ድረስ ዘጠና ዓመት ወሰደበት። ዘጠና ዓመት ሙሉ ዓለም የፋብሪካውን ድካም አይቶ የማድ ቤቱን ድካም ሳያይ ኖረ ማለት ነው። ልጆቻችን በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ሲሠሩ የዕረፍት ቀን እንደሚነፈጋቸው ስንሰማ ልባችን ይቆስላል፤ መቁሰሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን የፍትሕ ጥያቄ ባሕር ሲሻገር ብቻ ጥያቄ አይሆንም። በጅዳና በቤይሩት የምንጠይቀው ሃያ አራት ሰዓት በሰፈራችን ማድ ቤትም ይጠየቃል።

እንግዲህ ስለ ዕረፍት ቀን ሦስት ነገር መጠየቅ ይቻላል። ቀኑን ያዘዘው ማን ነው? በቀኑ ውስጥ ያገኘነው ማንን ነው? የቀኑን ዋጋስ የከፈለው ማን ነው? በራስ ፈቃድ የታዘዘ፣ ሰውን ከሰው ያገናኘ ቀን ሁለቱን ፈተናዎች ያልፋል። ሦስተኛውን ካላለፈ ግን ደስታው በብድር የተገኘ ነው፤ አበዳሪዋም አልተጠየቀችም። ከዚህ ላይ ዕረፍት የግል ምቾት መሆኑ ይቀርና የሥነ ምግባር ጉዳይ ይሆናል።

በዚህ ረገድ የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ ትንሽ አይደለም። በመድረካችን ላይ ሥራ የማይሠራ ገጸ ባሕርይ ብዙ ጊዜ ሁለት መልክ አለው፤ ወይ ሲንደላቀቅ የሚታይ ባለጠጋ ነው፣ ወይ በጠጅ ቤት የሚንገዳገድ ሰካራም። የሚሠራ ሰው በደህና ቀን፣ በደህና ፀሐይ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲውል የሚያሳይ ትርኢት ጥቂት ነው፤ ግጭት የለበትም ተብሎ ይታለፋልና። እውነት ግጭት የለበትም? እ.ኤ.አ. በ1899 በሞስኮ የኪነ ጥበብ ቴአትር የታየው የአንቶን ቼኾቭ «አጎቴ ቫንያ» የሚያበቃው ዕድሜያቸውን ለሌላ ሰው ምቾት የሠሩ ሁለት ሰዎች ከሞት በኋላ ስለሚያገኙት ዕረፍት በሚነጋገሩበት ትዕይንት ነው። ከመጋረጃው መዘጋት በኋላ ተመልካቹን የሚያውከው ጥያቄ፣ ስለ ምን በሕይወት ሳሉ አላረፉም የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ለማንሣት ጦርነትና ዘውድ አያስፈልግም፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሒሳብ መዝገብና ሁለት የደከሙ ሰዎች በቂ ነበሩ። በእኛም መድረክ አንድ ረከቦት፣ ሦስት እንግዶችና ስኒ የምታጥብ አንዲት ልጅ ትልቅ ተውኔት ሊወጣቸው ይችላል፤ ደራሲው ብርሃኑን በእንግዶቹ ላይ ብቻ ካላሳረፈው።

መምህራን ስለ ሥራ ክቡርነት ሲያስተምሩ ስለ ዕረፍትም ክቡርነት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡ፣ ኃላፊዎች በበታች ሠራተኛቸው የዕረፍት ቀን ስልካቸውን ቢያስቀምጡ፣ በየቤቱ የምትሠራው ልጅ የዕረፍት ቀን ከቅጥሩ ጋር አብሮ ተወስኖ፣ አስቀድሞ ታውቆ፣ እንግዳ መጣ ተብሎ የማይሻር ቢሆን ቀላል የሚመስል ትልቅ ነገር ይደረጋል። በዚያ ቀን ቡናውን አባወራው ቢቆላው እጁ አይረክስም፤ ምናልባትም ቢያሳርረው እንኳ ስለ ቡና አንድ ነገር ይማራል። «ዐረፈች» የሚለውን ቃል ከመቃብር አፋፍ አንሥተን በሕያዋን መካከል የምንመልሰው በእንዲህ ያለ ትንሽ ሥርዓት ነው። ልጅቱም በጥቅምት ፀሐይ የራሷን ጉዳይ ስትፈጽም፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ የአገሯን ልጆች አግኝታ፣ በቆሎዋን በልታ ማታ ትመለስ። ያን ጊዜ «እንዴት ዋልሽ?» ስንላት ጥያቄያችን ባዶ ሰላምታ አይሆንም፤ የምትነግረን ውሎ ይኖራታልና።